ግራፍ ዳታቤዝ ለሶፍትዌር ምህንድስና መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮድ የሚመረምር፣ ዲፔንደንሲ የሚከታተል ወይም የለውጥን ተጽዕኖ የሚያሳይ መሣሪያ ለምትሠሩ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ግራፍ ዳታቤዝ ምንድን ነው?

ነገሮችንና በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት እኩል አድርጎ የሚመዘግብ ዳታቤዝ ነው። ነገሩ ኖድ ይባላል፣ ግንኙነቱ ደግሞ ኤጅ። አንድ ፈንክሽን ኖድ ነው እንበል። ሌላ ፈንክሽን ሲጠራ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው «ይጠራል» የሚል ኤጅ ይሄዳል። በኖዱም በኤጁም ላይ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን የመሳሰሉ ፕሮፐርቲዎች መለጠፍ ይቻላል።

በሰንጠረዥ ዳታቤዝ ግንኙነቱ የሚታወቀው ጥያቄው ሲመጣ፣ ሰንጠረዦቹ ጆይን ሲደረጉ ነው። በግራፍ ዳታቤዝ ግን ግንኙነቱ ራሱ ተጽፎ ይቀመጣል። እንደ ኒዮፎርጄ ባሉት ግራፍ ዳታቤዞች ውስጥ እያንዳንዱ ኖድ ወደ ኤጆቹ የሚወስደውን አድራሻ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ወደ ጎረቤት ለመሻገር በየእርምጃው ኢንዴክስ ማገላበጥ አያስፈልግም። የአንድ እርምጃ ዋጋ የሚወሰነው ያ ኖድ ባሉት ጎረቤቶች ብዛት እንጂ በዳታቤዙ ጠቅላላ ስፋት አይደለም።

ለሶፍትዌር መሣሪያ ግራፍ ለምን ይመረጣል?

ሶፍትዌር ራሱ ግራፍ ስለሆነ ነው። ፈንክሽን ፈንክሽንን ይጠራል፣ ክላስ ከክላስ ይወርሳል፣ ፓኬጅ ሌላ ፓኬጅ ይፈልጋል፣ ኮሚት ወላጅ ኮሚት አለው። ጊትም ውስጡ ሲታይ ኮሚቶችን፣ ማውጫዎችንና ፋይሎችን በሀሽ (ከይዘታቸው በሚሰላ መለያ) ያያያዘ፣ ዑደት የሌለው ግራፍ ነው።

ዋናው ምክንያት ግን የጥያቄዎቹ ጠባይ ነው። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ሌፍትፓድ የተባለች 11 መስመር ብቻ ያላት ፓኬጅ ከኤንፒኤም (ከጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ስትነሳ፣ ስሟን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ፕሮጀክት መገንባት አቃታቸው። እነሱ አልጠየቋትም። የጠየቁት ፓኬጅ የጠየቀው ፓኬጅ ነበር የጠየቃት። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሎግ የሚጽፈው የጃቫ ላይብረሪ የሎግፎርጄ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆንም የሁሉም ሰው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እኛ ጋ አለ ወይ? ካለስ በየት በኩል ገባ?»

ልብ በሉ፣ የእንዲህ ያለ ጥያቄ ጥልቀት አስቀድሞ አይታወቅም። መልሱ 2 እርምጃ ርቆ ሊሆን ይችላል፣ 9 እርምጃም ሊሆን ይችላል። ግራፍ ዳታቤዝ የተሠራው ለዚህ ነው።

ፖስትግሬስ አለኝ። የግድ ግራፍ ዳታቤዝ ልጨምር?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ፖስትግሬስ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኤስኪውላይት ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የሚደግም (ሪከርሲቭ) ኩዌሪ ይችላሉ። አንድ የኖድ ሰንጠረዥ፣ መነሻና መድረሻ ያለው አንድ የኤጅ ሰንጠረዥ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ኢንዴክስ። ጥያቄያችሁ «በዚህ ፓኬጅ ላይ የተመሠረተው ማን ነው?» ዓይነት ብቻ ከሆነ በዚህ ሩቅ ትሄዳላችሁ። አዲስ ሰርቨር መንከባከብ፣ ባክአፕ ማድረግ፣ ማዘመን የራሱ ዕዳ አለው።

ግራፍ ዳታቤዝ ዋጋውን የሚመልሰው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ዓይነት ኤጆች ሲቀላቀሉ ነው። «ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ የሚቀበል ፈንክሽን፣ በጥሪ ሰንሰለት ዳታቤዝ ላይ ትእዛዝ ወደሚያስኬድ ፈንክሽን የሚደርስ፣ በመሀል ግን ማጣሪያውን የማይነካ» የሚለውን በኤስኪውኤል ጻፉትና እዩት። ይቻላል። ከወር በኋላ ግን የጻፈው ሰው ራሱ አያነበውም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤስኪውኤል ስታንዳርድ የግራፍ ቅርጽ መፈለጊያ ስለጨመረ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር እየሳሳ ነው። የኔ ምክር፦ ጥያቄዎቻችሁን መጀመሪያ ባላችሁ ዳታቤዝ ሞክሯቸው፤ ኩዌሪው ማንበብ ሲያስቸግር ያኔ ተሻገሩ።

ፕሮፐርቲ ግራፍ ይሻላል ወይስ አርዲኤፍ? የኩዌሪ ቋንቋውስ?

አርዲኤፍ ሁሉንም ነገር ባለ ሦስት ክፍል ዓረፍተ ነገር አድርጎ ይይዛል፣ እያንዳንዱ ነገርም ዓለም አቀፍ መለያ አለው። መረጃው በብዙ ድርጅቶች መካከል የሚዘዋወር ከሆነ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለራሳችሁ ቡድን ለሚሠራ መሣሪያ ግን ፕሮፐርቲ ግራፍ፣ ማለትም ከላይ ያየነው ኖድና ኤጅ ፕሮፐርቲ የሚይዙበት ዓይነት፣ ይቀልላል። «ጥሪው በ42ኛው መስመር ላይ ነው» የሚለውን ኤጁ ላይ በቀጥታ መጻፍ ትችላላችሁና።

በቋንቋ በኩል የኒዮፎርጄን የኩዌሪ ቋንቋ ሳይፈርን የለመደ ሰው ብዙ ቦታ ይሠራል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. አይኤስኦ ያወጣው ጂኪውኤል የተባለ የግራፍ ኩዌሪ ቋንቋ ስታንዳርድም ከሳይፈር ብዙ ወርሷል። አንድ ሌላ ቤተሰብ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ጥያቄው በሕጎች የሚጻፍበት ዳታሎግ። የኮድ መመርመሪያዎቹ ኮድኪውኤልም ሆነ ከሜታ የወጣው ግሊን የሚጠቀሙት ቋንቋ ከዚያ ወገን ነው። ኮድ የሚመረምር መሣሪያ ልትሠሩ ከሆነ ሳታዩት አትወስኑ። ራሳቸውን የሚደግሙ ሕጎች እዚያ በሁለት መስመር ያልቃሉ።

ንድፉን ከየት ልጀምር?

ከጥያቄዎቹ። ከዳታው አይደለም። መሣሪያውን የሚጠቀሙ ሰዎች በራሳቸው አፍ የሚጠይቁትን ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን እንደ መንገድ ሳሉት። ለምሳሌ «ይህን ኤፒአይ ብናነሳው የትኞቹ ቡድኖች ይነካሉ?» የሚለው እንዲህ ይሳላል፦

(ቡድን)-[:ባለቤት_ነው]->(አገልግሎት)-[:ይዟል]->(ፈንክሽን)-[:ይጠራል]->(ኤፒአይ)

ይህ አንድ መስመር 4 የኖድ ዓይነትና 3 የኤጅ ዓይነት ሰጣችሁ። የሚቀጥለው ጥያቄ አንድ ሁለት ይጨምራል። ከጥቂት ጥያቄዎች በኋላ አዲስ ዓይነት መምጣቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ንድፋችሁም ያ ነው።

በተቃራኒው የሚሄደው መንገድ የተለመደ ነው፤ ኮምፓይለሩ የሚያውቀውን ሁሉ መጫን። ግራፉ ያብጣል፣ መጫኑ ሰዓታት ይፈጃል፣ ግማሹን ግን ማንም አይጠይቀውም። በየትኛውም ጥያቄ ውስጥ የማይገባ ነገር አትጫኑ። ሲያስፈልግ ይጨመራል።

ምኑን ኖድ፣ ምኑን ፕሮፐርቲ፣ ምኑን ኤጅ ላድርግ?

ፍለጋ ከእሱ የሚነሳ ወይም በእሱ በኩል ወደ ሌላ የሚሻገር ነገር ኖድ ነው። ሌላውን የሚገልጽ ብቻ ከሆነ ፕሮፐርቲ ነው። የፋይሉ የመስመር ብዛት ፕሮፐርቲ ነው። ኮሚቱን የጻፈው ሰው ግን ኖድ ነው፤ ከእሱ ተነስታችሁ ወደነካቸው ሌሎች ፋይሎች ትሄዳላችሁና። ኤጆችን ደግሞ በዓይነታቸው ለዩ። «ግንኙነት» የሚል አንድ ኤጅ ፈጥሮ ዓይነቱን በፕሮፐርቲ መጻፍ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ዳታቤዙ ሁሉንም ኤጅ እየከፈተ እንዲያነብ ያስገድደዋል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ጥሪ ነው። በፕሮፐርቲ ግራፍ ኤጅ ወደ ኤጅ ማመልከት አይችልም። «ማን ማንን ይጠራል?» እስካላችሁ ድረስ አንድ ኤጅ ይበቃል። «በዚያ ጥሪ ላይ ምን ተላለፈ? ኢላማው ከአንድ በላይ ቢሆንስ?» ስትሉ ግን ጥሪው ራሱ ኖድ መሆን አለበት፦

(ፈንክሽን)-[:ይዟል]->(የጥሪ_ቦታ)-[:ኢላማው]->(ፈንክሽን)

እኔ ሁለቱንም መያዝን እመርጣለሁ። ዝርዝሩ በጥሪ ቦታ ኖድ ይቀመጣል፤ አጭሩ «ይጠራል» ኤጅ ከእሱ ተሰልቶ ይጨመራል። ተሰልቶ የመጣ መሆኑ ብቻ ምልክት ይደረግበት፣ ሲያስፈልግ ተጠርጎ እንደገና እንዲሠራ።

ኤጁን በሁለቱም አቅጣጫ ልመዝግብ?

አይ። «ይጠራል» ካለ «ይጠራበታል» አያስፈልግም። ኒዮፎርጄን የመሳሰሉት ኤጁን በአንድ አቅጣጫ ቢመዘግቡትም በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሄዱበታል። ሁለቱን ከጻፋችሁ መጠኑ ይጨምራል። ከዚያም አንደኛው ሲጠፋ ሌላው ይቀርና እርስ በርሱ የሚጣላ ግራፍ ይኖራችኋል።

የኮዱን ኤኤስቲ በሙሉ ላስገባ?

እንደ ጥያቄው ነው። (ኤኤስቲ ኮዱ በሰዋስው ሲተነተን የሚወጣው ዛፍ ነው።) ለአርክቴክቸርና ለተጽዕኖ ጥያቄ የፈንክሽንና የክላስ ደረጃ በቂ ነው። የደህንነት ቀዳዳ ለመፈለግ ግን ዳታው ከየት ወዴት እንደፈሰሰ ማየት ስለሚኖርባችሁ ወደ እያንዳንዱ የኮድ ዓረፍተ ነገር (ስቴትመንት) ደረጃ መውረድ ግድ ይላል። የዚህ ሐሳብ ታዋቂ ምሳሌ በ2014 እ.ኤ.አ. ፋቢያን ያማጉቺና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የኮድ ፕሮፐርቲ ግራፍ ነው። ኤኤስቲውን፣ የፕሮግራሙን የፍሰት ግራፍና የጥገኝነት ግራፉን በአንድ ላይ ደረቧቸው። በዚያ መንገድ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቁ 18 ቀዳዳዎች አገኙ። ጆርን የተባለው መሣሪያ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

ዋጋውን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ሀ = ለ + 1» የምትል አንዲት መስመር በኤኤስቲ ውስጥ ምደባው፣ ሀ፣ መደመሩ፣ ለ እና 1 ሆና 5 ኖድና 4 ኤጅ ትሆናለች። በዚያ ላይ የፍሰትና የጥገኝነት ኤጆች ይደረባሉ። ይህን በሚሊዮን መስመር አስቡት። ጆርንም ቢሆን በኒዮፎርጄ ላይ ጀምሮ፣ በኋላ ሜሞሪ ውስጥ ወደሚሠራ የራሱ ማከማቻ ነው የተዛወረው።

ለአብዛኛው መሣሪያ የሚበጀው ሁለት ደረጃ ነው። ጥቅሉ ግራፍ በቋሚ ዳታቤዝ ይቀመጥ። ዝርዝሩ ግራፍ ለሚመረመረው ክፍል ብቻ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይገንባ፣ ሲያልቅ ይጣል።

የኖድ መለያ ምን ይሁን?

ከዳታቤዝ ምርጫ ይልቅ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። መለያው ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻል፣ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ግራፉን ከዜሮ መገንባት ማለት ነው። ዳታቤዙ በራሱ የሚሰጠውን የውስጥ ቁጥር አትጠቀሙ። ኖድ ሲጠፋ ያ ቁጥር ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ፋይልና የመስመር ቁጥርም አይሆንም። ከላይ አንድ ባዶ መስመር ሲጨመር ከሥር ያለው ፈንክሽን ሁሉ አዲስ ይሆናል። ስም ብቻውንም አይበቃም። አንድ ክላስ ውስጥ በተቀባያቸው (በፓራሜትራቸው) ዓይነት ብቻ የሚለያዩ ባለ አንድ ስም ፈንክሽኖች አሉ።

የሚሠራው ሙሉ አድራሻ ነው፦ ቋንቋ፣ ፓኬጅ፣ ሞጁል፣ ክላስ፣ የፈንክሽን ስም፣ የተቀባዮቹ ዓይነት። ከጉግል የወጣው የኮድ ኢንዴክስ መሣሪያ ካይዝ መለያውን ከ5 ክፍል ነው የሚሠራው። ከሶርስግራፍ የወጣው የኮድ ኢንዴክስ ቅርጸት ስኪፕም ከእሱ በፊት የነበረው ኤልሲፍ ይጠቀምበት የነበረውን ቁጥር ትቶ በሰው የሚነበብ ጽሑፍ መረጠ። ትርፉ ግልጽ ነው። ሁለት ሪፖዚተሪዎች ተነጋግረው ሳያውቁ ለየብቻ ኢንዴክስ ተደርገው ግራፉ ውስጥ ሲገቡ፣ አንዱ የሚጠራውና ሌላው የሚያቀርበው ፈንክሽን በራሳቸው ይገናኛሉ። ለፓኬጆችም ፓኬጅ ዩአርኤል የሚባል ወጥ አጻጻፍ አለ፤ የራሳችሁን አትፈልስፉ።

ስም የሌላቸው ፈንክሽኖች ያስቸግራሉ። የያዛቸውን ፈንክሽን አድራሻ ወስዳችሁ ተራ ቁጥር ጨምሩበት። ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል፣ ግን መዛባቱ ከዚያች ፈንክሽን አይወጣም። ስም ሲቀየርስ? መለያው ይቀየር። አዲሱን ከድሮው ጋር «ቀድሞ_ነበር» በሚል ኤጅ አያይዙት። ከስም ለውጥ የሚተርፍ መለያ ለመፈለግ መድከም ብዙ ጊዜ ያባክናል፣ አይሳካምም።

ዳታ ስጭን ኖዶች ለምን ይደጋገማሉ?

በኒዮፎርጄ ሁለት የተለመዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ «ካለ ውሰድ፣ ከሌለ ፍጠር» የሚለው ትእዛዝ በመለያው ላይ የልዩነት ገደብ (አንድ መለያ ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ) ሳይጣል በአንድ ጊዜ ከብዙ ቦታ ሲሄድ ነው። ሁለቱም «የለም» ብለው ሁለቱም ይፈጥራሉ። ዳታ ከመጫናችሁ በፊት ገደቡን ጣሉ። ፍጥነቱም በዚያው ይሻሻላል፣ ምክንያቱም ገደቡ ኢንዴክስ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ሰውን የበለጠ ያታልላል። ትእዛዙ የሚያየው የሰጣችሁትን ቅርጽ በሙሉ ነው። ኖድ፣ ኤጅ፣ ኖድ በአንድ ላይ ከሰጣችሁትና የጎደለው ኤጁ ብቻ ቢሆን እንኳ ሁለቱንም ኖዶች እንደ አዲስ ሊፈጥር ይነሳል። መጀመሪያ ኖዶቹን ለየብቻ፣ ከዚያ ኤጁን።

ፓኬጆችንና ቨርዥኖቻቸውን እንዴት ልያዛቸው?

ፓኬጁ አንድ ኖድ፣ እያንዳንዱ ቨርዥን ሌላ ኖድ ይሁን። የደህንነት ቀዳዳ የሚያያዘው ከቨርዥን ጋር ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሎግፎርጄ ቀዳዳ ከ2.0-ቤታ9 እስከ 2.14.1 ያሉትን ነው የነካው፤ 2.15.0 እርማቱን ይዞ ወጣ። ፓኬጅ የሚል ኖድ ብቻ ካላችሁ ያስተካከለውም ያላስተካከለውም እኩል ቀይ ይሆናል። ቨርዥኖችን ስታወዳድሩ ደግሞ እንደ ጽሑፍ አታወዳድሩ። በጽሑፍ ቅደም ተከተል 2.9 ከ2.14 ይበልጣል።

ቀጥሎ የተጠየቀውንና የተገኘውን ለዩ። ፕሮጀክቱ «ከ2.0 በላይ የሆነ ይሁን» ብሎ ይጠይቃል፤ ፓኬጅ ማኔጀሩ ደግሞ አንድ የተወሰነ ቨርዥን ያመጣል። የመጀመሪያው ከቨርዥን ወደ ፓኬጅ የሚሄድ፣ ክልሉን በፕሮፐርቲ የያዘ ኤጅ ነው። ይህ ኤጅ ለማንም ሰው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል፣ ብዙ ንድፍ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ አስቡት። ፓኬጅ ሀ ፓኬጅ ለን ይፈልጋል። በአንደኛው ፕሮጀክት የለ 2.3 መጣ፣ በሌላው 2.5። ሁለቱንም ከሀ የሚነሱ ኤጆች አድርጋችሁ ከመዘገባችሁ፣ ከሁለተኛው ፕሮጀክት የተነሳ ፍለጋ በሀ በኩል አልፎ 2.3 ላይ ይደርሳል። እዚያ ፕሮጀክት ውስጥ 2.3 ግን የለም። መሣሪያችሁ የሌለ አደጋ ሪፖርት አደረገ። መፍትሔው ምርጫውን የቢልዱ ማድረግ ነው። ቢልድ የሚባል ኖድ ይኑር፣ የተገኙት ቨርዥኖች ከእሱ ጋር ይያያዙ፣ ፍለጋውም በዚያ ቢልድ ውስጥ ባሉት ላይ ብቻ ይሂድ። በኤስፒዲኤክስ ወይም በሳይክሎንዲኤክስ ቅርጸት የሚመጡ የሶፍትዌር ይዘት ዝርዝሮችም ብዙውን ጊዜ የሚወጡት በየቢልዱ ስለሆነ፣ ይህ ንድፍ ይቀበላቸዋል።

የኮዱን ታሪክ በግራፉ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ከመጀመራችሁ በፊት በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ መሆኑን አጣሩ። ለብዙ መሣሪያ የዋናው ብራንች የአሁን ሁኔታና የእያንዳንዱ ሪሊዝ ቅጂ በቂ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እያንዳንዱ ኖድና ኤጅ ላይ «ከዚህ ኮሚት እስከዚህ ኮሚት ነበር» ብሎ መጻፍ ነው። ታሪኩ ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን ይሠራል። ብራንች ሲመጣ ግን «ከ» እና «እስከ» ትርጉም ያጣሉ። ከሁለት ጎን ለጎን ከሚሄዱ ኮሚቶች የትኛው ይቀድማል?

የተሻለው መንገድ ይዘቱን በሀሽ መለየት ነው። ያልተቀየረ ፋይል የሚሰጠው ንዑስ ግራፍ አንዴ ይጫናል፣ ቅጂዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ያመለክታሉ። ጊት የሚሠራው እንዲህ ነው። የዓለምን ሶርስ ኮድ የሚሰበስበው ሶፍትዌር ሄሪቴጅ የተባለው መዝገብም በብዙ ሪፖዚተሪዎች ውስጥ ያለን አንድ ዓይነት ፋይል አንዴ ብቻ የሚያስቀምጠው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በፋይሉ ውስጥ ያለው እውነት በሀሽ ይያዛል፤ ከፋይል ወደ ፋይል የሚሻገረው ኤጅ ግን አይያዝም። ፋይል ሀ ምንም ሳይነካ፣ ፋይል ለ ስለተቀየረ ብቻ የሀ ጥሪ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ተሻጋሪዎቹ ኤጆች ለእያንዳንዱ ቅጂ ለየብቻ ይሰሉ።

አንድ ፋይል ሲቀየር ሙሉውን ግራፍ እንደገና ልገንባ?

ግራፉ በደቂቃዎች የሚገነባ ከሆነ አዎ፣ ሙሉውን ገንቡ። ከዚያ የሚቀል ነገር የለም። ካልሆነ ግን እያንዳንዱ ኖድና ኤጅ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ይጻፍበት። ፋይሉ ሲቀየር የእሱ የሆኑት ይነሱና አዲሶቹ ይገባሉ።

እዚህ ላይ ድምፅ ሳያሰማ የሚያጠቃ ችግር አለ። ፋይል ለ ሲቀየር የፈንክሽን ኖዱን ስታጠፉት ከፋይል ሀ የመጡት «ይጠራል» ኤጆችም አብረው ይጠፋሉ። ሀ አልተቀየረምና ማንም ተመልሶ አይጭናቸውም። ምንም ስህተት አይወጣም፣ ግራፉ ግን በየቀኑ ይሳሳል። መድኃኒቱ ምልክቱንና ትርጓሜውን መለየት ነው። ጥሪው የሚያመለክተው ሙሉ አድራሻውን ብቻ ወደያዘ የምልክት ኖድ ይሁን። ትርጓሜው ሌላ ኖድ ሆኖ ከፋይሉ ጋር ይምጣ፣ ከፋይሉ ጋር ይሂድ፤ ምልክቱ ግን ይቆያል። በየጊዜው ደግሞ ሙሉውን ከዜሮ ገንብታችሁ ከነበረው ጋር አወዳድሩ። የኤጅ ብዛቱ ከተለያየ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

ኩዌሪዬ በትንሽ ግራፍ ላይ እንኳ የማያልቀው ለምንድን ነው?

ምናልባት መዳረሻዎቹን ፈልጋችሁ መንገዶቹን እያስቆጠራችሁት ነው። ሀ ሁለት ፈንክሽኖችን ይጠራል፣ ሁለቱም አንድ ፈንክሽን ላይ ይገናኛሉ። ከላይ ወደ ታች 2 መንገድ አለ። ይህን ቅርጽ 20 ጊዜ ደራርቡት። በጠቅላላው 61 ኖድና 80 ኤጅ ብቻ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሉት መንገዶች ግን 1,048,576 ናቸው። ሳይፈር ላይ የእርምጃ ገደብ የሌለው ኤጅ ስትጽፉ በመሠረቱ የምትጠይቁት እነዚህን ሁሉ ነው። አንድን ኤጅ በአንድ መንገድ ላይ ሁለቴ ስለማይረግጥ ዑደት ውስጥ ለዘላለም አይዞርም፤ ቢሆንም ለናንተ ልዩነቱ አይታያችሁም።

«የሚደረስባቸው የትኞቹ ናቸው?» ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ የተጎበኘን ኖድ ዳግም የማይጎበኝ ፍለጋ ተጠቀሙ። «አንድ ማስረጃ አሳየኝ» ከሆነ አጭሩን መንገድ ጠይቁ። ሁሉንም መንገድ በእርግጥ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ግራፉ ዑደት የበዛበት ከሆነ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚደራረሱትን ኖዶች አስቀድማችሁ ወደ አንድ ቡድን ጠቅልሉ። ታርጃን በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ይህን ግራፉን አንዴ በማለፍ ብቻ ይሠራዋል።

አንዳንድ ኖዶች ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?

ሱፐርኖድ፣ ማለትም እጅግ ብዙ ኤጅ ያለው ኖድ፣ አጋጥሟችኋል። በጃቫ ግራፍ ውስጥ የስትሪንግ ክላስ፣ በየትኛውም ኮድ ውስጥ ሎግ የሚጽፈው ፈንክሽን እንዲህ ናቸው። ፍጥነቱን ብቻ አይደለም የሚጎዱት፣ መልሱንም ነው። ሁሉም ነገር በሎግ ፈንክሽኑ በኩል ከሁሉም ጋር የተገናኘ ይመስላል፣ ያ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። መግቢያ ኤጃቸው የበዛውን ኖዶች በየጊዜው አውጥታችሁ እዩ፤ ከዚያ «መሠረታዊ» የሚል ሌብል ስጧቸውና ፍለጋው እዚያ ሲደርስ እንዲቆም አድርጉ። ከግራፉ ግን አታጥፏቸው። ቀዳዳው አንድ ቀን እዚያው ሎግ ላይብረሪ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ግራፉ «መንገድ የለም» ካለኝ በእርግጥ የለም ማለት ነው?

አይደለም፣ እና መሣሪያችሁ ይህን ለተጠቃሚው መናገር አለበት። አንድ ኢንተርፌስ 6 አተገባበሮች ቢኖሩት በዚያ በኩል የሚደረግ ጥሪ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ከኮዱ ብቻ ላይታወቅ ይችላል። በጥንቃቄ ከሄዳችሁ 6ቱንም ኢላማ ታደርጋላችሁ፣ 5ቱ ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ። በተቃራኒው በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሄደ ፈንክሽኑን በስሙ ፈልጎ) የሚጠራ፣ ስሙ ከኮንፊግ ፋይል የሚነበብ፣ ወይም በኔትወርክ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ አገልግሎት የሚጠራ ኮድ ኤጁ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ኤጅ እንዴት እንደታወቀ ይያዝ፦ ኮምፓይለሩ ያረጋገጠው፣ በክላስ ዝምድና የተገመተ፣ ፕሮግራሙ ሲሄድ በዓይን የታየ። የኋለኛው ከግምቱ ጋር ሲገጥም እምነት ይጨምራል። መፈታት ያቃታቸውን የጥሪ ቦታዎች ደግሞ አትጣሏቸው። «ያልታወቀ» ወደሚል ኢላማ አያይዟቸው። ያኔ አንድ መሐንዲስ «ይህን ፈንክሽን ባጠፋው የሚነካ አለ?» ሲል መልሱ «የለም» ብቻ አይሆንም። «የሚጠራው አልተገኘም፣ በዚህ ሞጁል ውስጥ ግን በሪፍሌክሽን የሚሄዱ 3 ጥሪዎች ያልተፈቱ አሉ» የሚል ይሆናል፣ ሦስቱም ከነፋይላቸውና ከነመስመራቸው ተዘርዝረው።